የጅሬን ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ጅሬን ጋራ ነው። ይህን ለጅማ ሰው መንገር ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደ ማለት ይቆጠራል። ሆኖም ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ውኃና ስለ ቤት ነው፤ ውኃ ደግሞ ጉዞውን የሚጀምረው ከከፍታ ነውና ነገሬን ከጋራው መጀመር ግድ ሆነብኝ። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ጅማን ከታች ተዘርግታ ያያታል። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ በየግቢው ዛፍ በዝቷል። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው የእንጨቱን ሥራና የንጉሡን ዕቃ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን አንድ ተራ ነገር ነው፤ ቦታው ውኃ አይቆምበትም። ክረምቱ ቢበረታ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቢወርድ፣ ጠዋት ውኃው የለም። ወርዷል። ወዴት ወረደ?

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት ከዚህ ጋራ ላይ ሆነው ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጥፋት ያተረፉ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ዘመን በእጃቸው ይዘው የቆዩ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታትም ጅሬንን የመረጡት ለጥበቃ ሳይሆን አይቀርም፤ ከጋራ ላይ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ደረቅነቱ የተጨመረ ምርቃት ነው። ገበያ ግን ጋራ አይወጣም። በቅሎና አህያ ጭኖ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሜዳ ይፈልጋል፤ ለከብቱ ሣርና የሚጠጣ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ የሐሙሱ ታላቅ ገበያ ከጋራው በታች፣ ሂርማታ ላይ ተተከለ። ቡናውም፣ ዝባዱም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ አሞሌውም፣ እያሳዘነንም ቢሆን መጻፍ አለብንና ባሪያውም የሚሸጠውና የሚለወጠው በዚያ ዝቅታ ነበር።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጋት። አዲሱን ከተማ የሠራው ግን ንጉሡ በመረጡት ከፍታ ላይ ሳይሆን ነጋዴው በመረጠው ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ሁላችን የጅሬንን ስም እየጠራን የምንኖረው ሂርማታ ነው። አዌቱ ወንዝም ይህንኑ ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። በበጋ ሲያዩት ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ይመስላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ከዳሩ የሰፈረው ድኻ ዕቃውን ከወለል ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ቆጥ ማሸጋገር ይጀምራል። ግጥም ሞካሪ ነኝና በአንድ ክረምት ሁለት መስመር ጽፌ ነበር፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልመጣልኝም፦

ጋራው ለንጉሥ ሆኖ፣ ሜዳው ለገበያ፣
ውኃው መንገድ ጠፋው፣ ሲፈልግ ማደሪያ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ልበል። በአገራችን ቋንቋ በኦሮምኛ ጎርፍ «ሎላ» ይባላል፤ ጦርነትም «ሎላ» ነው። ልዩነቱ የመጨረሻውን ድምፅ በማስረዘምና በማሳጠር ብቻ ነው፤ የጎርፉ ይረዝማል፣ የጦርነቱ ያጥራል። በፊደላችን ስጽፋቸው አንድ ይሆኑብኛል። አማርኛ ደግሞ ሌላ ብልኀት አለው። ከላይ ዘንቦ በድንገት የሚወርደውን «ደራሽ» ይለዋል፤ ቀስ እያለ ከወንዙ አፋፍ ወጥቶ ሜዳውን የሚሸፍነውን «ሙላት» ይለዋል። ለተጨነቀ ሰው ፈጥኖ የሚመጣውን ረዳትም ደራሽ ማለታችን እንቆቅልሽ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ደራሽና ሙላት የሚሉትን ሁለት ቃላት ያዝልኝ፤ ወደ ፊት እንፈልጋቸዋለን።

አሁን ውኃውን እንከተለው። አዌቱ ከተማውን ከጨረሰ በኋላ ቦዬ ከሚባለው ረግረግ ይደርሳል። ቦዬ ጉማሬ የሚታይበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣ የከተማውን እድፍ ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ማረፊያ ነው። ረግረግ በእኛ ዘንድ ስሙ ክፉ ነው፤ ወባና ጭቃ እንጂ ሌላ ነገር አያሳስበንም። ስለዚህ እናጠነፍፈዋለን፣ ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን፣ አፈሩን ለሸክላ ጡብ እንቆፍረዋለን። ረግረግ ግን የውኃ ባንክ ነው፤ በክረምት የተቀበለውን ተቀማጭ በበጋ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍላል። (የሙያዬ ቋንቋ አመለጠኝ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።) ከዚያ ውኃው ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል።

ግልገል ጊቤም ዛሬ እንደ ድሮው አይፈስስም። በመጀመሪያ በ1996 ዓ.ም. በተመረቀውና 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ግድብ ይታገዳል። ተርባይኑን አዙሮ ሲወጣ ወደ ሁለተኛው ጊቤ ዋሻ ይገባል፤ ይኸውም በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 26 ኪሎ ሜትር ተራራ ለተራራ ውስጥ የሚሄደው፣ በተመረቀ በጥቂት ቀን ውስጥም ከፊሉ የተደረመሰው ነው። ከዋሻው ሲወጣ ከኦሞ ጋር ይገናኛል። ከዚያም ቁመቱ ከ240 ሜትር የሚበልጠውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሦስተኛው ጊቤ ይጠብቀዋል፤ 1,870 ሜጋ ዋት። እንዲህ እንዲህ እያለ በረሃውን አቋርጦ ከዳሰነች አገር ይደርስና ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ጅሬን ላይ የወረደች ጠብታ ዕድል ካጋጠማት ሦስት ጊዜ መብራት አብርታ ነው ሐይቁን የምታየው።

ዳሰነች የኦሞ መጨረሻ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ከታጠፈ እንጨት የቆመ፣ ቁርበትና ዛሬ ዛሬ ቆርቆሮ የተደረበበት፣ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ክብ ጎጆ ነው። የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ መንደሩ ሲነሣ አፍርሳ የምትወስደውም እርሷ ናት። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ «ቋሚ ቤት የላቸውም» ይላል። እኔ ግን በውኃ ዳር ለመኖር ከዚህ የሚሻል ዕቅድ ማን እንዳወጣ አላውቅም። ኦሞ በየዓመቱ ሲሞላ ከዳሩ ይሸሹ ነበር፤ ሲጎድል ተመልሰው በደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በጣና ዳር «ባሕር ሸሽ» የሚባለው እርሻ ማለት ነው። ሙላቱ ጠላታቸው ሳይሆን የእርሻቸው በሬ ነበር።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ግን ኦሞ ከልማዱ በላይና ከልማዱ በፍጥነት ሞላ። በደለሉና በወንዙ ደሴቶች ላይ የነበረው ሕዝብ በውኃ ተከበበ፤ 364 ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ። ከብቱ በሺዎች አለቀ። እንደ ገና እናስተውል፤ ሰዎቹ ውኃን የማያውቁ አልነበሩም። ቤታቸውም ለመነሣት የተሠራ ነበር። የጎደላቸው ለመነሣት የሚበቃ ጊዜ ነበር፤ ነቅለው የሚሄዱበት ቤት ነበራቸው፣ ነገር ግን ውኃው በዙሪያቸው ከሆነ በኋላ ቤቱን ይዘው የሚቆሙበት መሬት አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት የሦስተኛው ጊቤ ሥራ ተጀመረ፤ ግድቡ እንዲህ ያለውን ሙላት ይገታል ተባለ። በርግጥም ዓመታዊው ሙላት ተገታ፤ የባሕር ሸሹ እርሻም አብሮት ተጎዳ። ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት የቱርካና ሐይቅ ራሱ ከፍ እያለ መጥቶ የዳሰነችን ቀበሌዎች ዋጠ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም አፈናቀለ። ከላይ የታገደው ውኃ ከታች ዞሮ መጣ። በየወንዙ ጊዜውን ጠብቆ ይመለስ የነበረው ሙላት እንግዳ ነበር፤ የሐይቁ ሙላት ግን መጥቶ ለዓመታት የሚቀመጥ ባለቤት ሆነ።

ያ የ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌላም በኩል አይረሳም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን መታና ከ250 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። በዚያው ወቅት በፎገራና በደምቢያ ርብና ጉማራን የመሳሰሉት ወንዞች ከጣና ጋር ተጋጥመው ሜዳውን ባሕር አደረጉት። አንባቢ ቀደም ሲል ያስያዝኩትን ሁለት ቃል አሁን ያውጣልኝ። ድሬዳዋን የመታት ደራሽ ነው። አሸዋ ሆኖ የከረመ ወንዝ ከተራራው በወረደ ዝናብ በሰዓታት ውስጥ ግድግዳ ሆኖ ይመጣል፤ ድንጋይና ግንድ ይዞ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ቤት ማውራት መሳለቅ ነው፤ ለደራሽ መድኃኒቱ ማስጠንቀቂያ፣ ከወንዙ አልጋ መራቅ፣ ከላይ ተራራውን ማልበስ ነው። የፎገራውና የዳሰነቹ ግን ሙላት ነው። ሙላት ለቀናትና ለሳምንታት ይቆማል፤ በጀርባው ላይ ሸክም ለመቀበል ፈቃደኛ ነው። ተንሳፋፊ ቤት የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው፣ የሚቻለውም፣ ለዚህ ነው።

«ተንሳፋፊ ቤት» ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ፈረንጅ አገር ይሮጣል። እኔ ግን ወደ ጣና እንድንሄድ እጠይቃለሁ።

የጣና ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ በላዩ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረብና ሰውና ዕቃው ከእርጥበት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እህል፣ ማገዶ፣ የዘጌን ቡና ሳይቀር ሲያሻግር ኖሯል። (የጅማ ሰው የዘጌን ቡና ሲያነሣ ትንሽ ይቀናል፤ ይለፈኝ።) ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውኃው ወጥቶ ዳር ላይ ይደገፍና ይደርቃል፤ ደንገል እየጠጣ የሚከብድ ነውና ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል፤ ደርቆም ቢሆን ከወራት አያልፍም። ይህን ጥበብ ይዘው ከቆዩት መካከል ወይጦዎች ቀዳሚ ናቸው። ስለ ደንገል የሚያውቁትን ያህል ማንም አያውቅም፤ ሆኖም ጉማሬ አዳኝ ናቸው ተብለው፣ ማዕድ እየተነፈጋቸውና ከመሬት ርስት እየተገለሉ ኖሩ። መሬት ያለው ሰው መሬት የሌለውን ናቀ። በውኃ ላይ የመቆም ዕውቀታችን ሁሉ የተቀመጠው ከተናቀው ሰው ዘንድ ነበር። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ አንጥረኛውን እንዳደረግናቸው ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት የቱን ያህል እንደሚመዝን ያሳየ አንድ የባዕድ ሰው ታሪክ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ሊያሳይ ተነሣ። ደንገሉን ያስጫነው ከእኛው ከጣና ነው። የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ግብፅ ውስጥ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ሠሩለት፤ «ራ» ብሎ ሰየማትና በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሣ። ጀልባዋ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ከባርባዶስ ሳትደርስ ኋላዋ እየሰመጠ ተተወች። ምክንያቱ ደንገሉ አልነበረም። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የጀልባዋን ኋላ ከመካከሏ ጋር የሚወጥር ገመድ ይታያል፤ ያ ገመድ ችላ ተብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች ሌላ ጀልባ ሠሩ፤ ደንገሉ አሁንም ኢትዮጵያዊ ነው። «ራ ሁለት» በ57 ቀን ውቅያኖሱን ተሻግራ ባርባዶስ ገባች። ያው የጣና ደንገል በአንዱ እጅ ሰመጠ፣ በሌላው እጅ ውቅያኖስ ተሻገረ። እነዚሁ የቲቲካካ ሰዎች ጎረቤቶች፣ ኡሮዎች፣ ከሸምበቆ በተነጠፈ ተንሳፋፊ ደሴት ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ፤ ከታች ሲበሰብስ ከላይ አዲስ ይደርባሉ፤ እሳቱንም በድንጋይ ላይ ያነድዳሉ።

ስለዚህ ለሙላት አገር የሚሆን ርካሽ ተንሳፋፊ ቤት ምን ይመስላል? መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሒሳብ ግን እንጀራዬ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ 200 ሊትር የሚይዝ ባዶ በርሜል አፉ ተደፍኖ ቢጠልቅ፣ የራሱ ክብደት ተቀንሶለት፣ ወደ 200 ኪሎ ይሸከማል። ቤቱ ከነሰዉ፣ ከነእህሉ፣ ከነምጣዱ 4 ቶን ቢመዝን 20 በርሜል እስከ አንገቱ ጠልቆ ይሸከመዋል፤ በግማሹ ብቻ እንዲጠልቅ ብንፈልግ 40 ያስፈልገናል። አሁን ለምደን የምንሠራትን የጭቃ ቤት እንመዝን። ስድስት በስድስት የሆነች ቤት ግድግዳዋ ብቻ ከአሥር ቶን ይበልጣል፤ ደግሞም ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ የጭቃ ቤታችን አይንሳፈፍም። በማሻና በሸካ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ግን ይንሳፈፋል። ከቀርከሃ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮ ክዳን፣ ከሥሩ በርሜል ወይም የተደፈነ ጀሪካን፤ ነገሩ ከዚህ አይርቅም።

ይህ ባዶ ሕልም አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ፕሪቱላ ፕሮሱን የተባለች አርክቴክት በባንግላዴሽ ዳካ ከተማ ለድኾች የሚሆን የቀርከሃ ቤት ሠርታለች። ቤቱ በበጋ መሬት ላይ ተቀምጦ ይኖራል፤ ጎርፉ ሲመጣ ይነሣል፤ ሲሄድ ይወርዳል። ከሥር የሚያነሣው በአንዱ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ እኛ «ሃይላንድ» ብለን ጎዳና ላይ የምንጥለው ማለት ነው። በኔዘርላንድስ ማስቦመል በተባለ የወንዝ ዳር መንደርም እንዲህ ያሉ ቤቶች ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ተሠርተዋል፤ መሠረታቸው ባዶ የኮንክሪት ሳጥን ነው፤ ወደ ጎን እንዳይሄዱ በረጃጅም ምሰሶ ተይዘው ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ሊሉ ይችላሉ። እነዚያ ግን የሀብታም ቤቶች ናቸው። ቁም ነገሩ ምሰሶው ነው። ተንሳፋፊ ቤት ከመስመጥ ይልቅ ተነሥቶ መሄድን መፍራት አለበት፤ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እንዲሄድ ሊፈቀድለት አይገባም። የዳሰነችም ሆነ የፎገራ ቤት በአራት ጽኑ ምሰሶ መካከል እንደ ዘንጋ ቀለበት መውጣትና መውረድ ከቻለ በጋውን ቤት፣ ክረምቱን ታንኳ ይሆናል። መጸዳጃው ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ጉድጓድ ሲሞላ ከቤቱ በፊት የሚንሳፈፈው እርሱ ነው። ስለ ተንሳፋፊ ቤት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዝም ብለው ያልፋሉ።

ውድቀቱንም አልደብቅም። በሌጎስ ማኮኮ ሠፈር በ2013 እ.ኤ.አ. ኩንሌ አዴየሚ የተባለ አርክቴክት 256 የላስቲክ በርሜሎች ላይ ያቆመው ባለ ሦስት ማዕዘን ትምህርት ቤት ዓለምን አስደንቆ ነበር። በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. በከባድ ዝናብ ወደቀ። ፎቶግራፉ በየመጽሔቱ ቀረ፤ ልጆቹ ሌላ ክፍል ፈለጉ። ከዙሪያው ያሉት የማኮኮ ዓሣ አጥማጆች ቤቶች ግን፣ ማንም ያላደነቃቸው፣ በቋሚ እንጨት ላይ እንደቆሙ ነበሩ። ከ«ራ» ገመድ ጋር አንድ ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

እስከዚህ ያለው ሁሉ የእንጨትና የበርሜል ነገር ነው፤ ይቻላል። የማይቻለው ከእኔ ጠረጴዛ ላይ ይጀምራል።

የብድር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በየቀኑ ቤት የሚሠሩ፣ ቤት የሚያድሱ ሰዎች ከፊቴ ይቀመጣሉ፤ እኔም የመጀመሪያውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ መያዣው ምንድን ነው? ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የሚያዘው ቤቱ ነው፤ ቤቱ ግን ያለ ይዞታ ካርታ ቤት አይባልም። ገማቹ ሜትሩን ይዞ ይሄዳል፤ መሠረቱን፣ ግድግዳውን፣ ክዳኑን ይለካል። የሚንሳፈፍ ቤት ቢገጥመው ምን ብሎ ይጽፋል? መሠረቱ በርሜል ነው። ቦታው ደግሞ በነሐሴ ሐይቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ንብረትን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ለሁለት ይከፍላል፤ መሬትና ቤት የማይንቀሳቀሱ ናቸው ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ የዳሰነችን ጎጆ አይተው ቢሆን ኖሮ ያን አንቀጽ ሲጽፉ ብዕራቸው ትንሽ ይቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። በአገራችን በየቆላው ቤት ሲንቀሳቀስ ኖሯልና።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ፌን ሎዝማን የተባለ ሰው በተንሳፋፊ ቤት ይኖር ነበር። የከተማው አስተዳደር ቤቱን መርከብ ነው ብሎ በባሕር ሕግ ከሰሰው፤ ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ፣ ከተማው ራሱ ገዝቶ አፈረሰው። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ሰባት ለሁለት ተከፍለው፣ ይህ ቤት እንጂ መርከብ አይደለም ብለው ፈረዱ። ሰውዬው ረታ፤ ቤቱ ግን ፈርሶ ነበር። በሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ፣ ስሟ በመዝገብ ያልሰፈረ የዳሰነች ሴት ጎጆዋ ምን እንደሆነ ማን ይፈርድላታል?

መውጫ ቀዳዳ የለም አልልም። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ተፈቅዷል፤ ከብት፣ እህል፣ ማሽን በመዝገብ ሰፍሮ መያዣ ይሆናል። ላሟ መያዣ ከሆነች ላሟ የምትድንበት ቤትስ ለምን አይሆንም? ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ለአለቃዬ አቅርቤው ነበር። ሳቁና «አንተ ግጥም ጻፍ» አሉኝ። በሳቃቸው አልተቀየምኩም፤ እርሳቸውም የሚጠየቁት ስለሚመለስ ገንዘብ ነው። ሆኖም ተንቀሳቃሽ ተብሎ የሚመዘገብ ቤት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ቦታውን አያስከብርም። ቤትሽ ተንቀሳቃሽ ነው የተባለች ሴት፣ «እንግዲያው ተንቀሳቀሺ» ልትባል ትችላለች። ወይጦዎችን ከሐይቁ ዳር ያገፋቸው ይኸው አነጋገር ነው፤ መሬት የላችሁም፣ ደንገል ብቻ ነው ያላችሁ። አሁን ደንገሉም ከጣና ዳር እየጠፋ ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በምትኩ እምቦጭ ተንሰራፍቷል፤ እርሱ ሳይጠሩት ይንሳፈፋል።

አባ ጅፋር ጋራውን ሲይዙ ማንም ካርታ አልጠየቃቸውም። ከታች የቀረው ሰው ግን ውኃው የሚያልፍበትን መሬት ይዞ፣ ያንኑ መሬት ማስረጃው አድርጎ ኖረ፤ ጎርፍ ሲመጣ ቤቱን ትቶ የማይሸሸው ብዙ ጊዜ ስለዚህ ነው። ቤቱ ቢወሰድ ይሠራዋል፤ ቦታውን ለቆ ከሄደ ግን ሲመለስ ሌላ ሰው ሊያገኝበት ይችላል። በአዌቱ ዳርም ሆነ በኦሞ ዳር ለውኃ የሚሆን ቤት የሚነድፍ ሰው ከበርሜሉ ቁጥር ጋር ይህን ፍርሃት አብሮ መቁጠር ይኖርበታል።

በብድር ማመልከቻው ቅጽ አራተኛው መስመር ላይ «ቤቱ የሚገኝበት ቀበሌ» ይላል። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ አጭር ነው፤ አንድ ስም ብቻ ይይዛል። የበጋውንና የክረምቱን ለመጻፍ ሁለተኛ መስመር ያስፈልገዋል።